የወለተ ሚካኤል የስፓኒሽ ትምህርት

ደብረ ማርቆስ፣ የካቲት 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለንስሐ አባቴ፣ መርጡለ ማርያም፤

ጉልበትዎን በሩቁ ስሜ እንደምን ከረሙ እላለሁ። ያ የሚያስቸግርዎ ወገብ ተሻለዎት? ተማሪዎችዎስ እንዴት ናቸው? እዚህ ሰሞኑን ተኩሱ ጋብ ብሏል፤ መንገዱ ግን አንድ ቀን ቢከፈት ሦስት ቀን ይዘጋል። ደብዳቤውን የሚያደርሱልዎ መሪጌታ የኋላሸት ምን እንደያዘ አያውቁም። እባክዎ ብቻዎን ሆነው ያንብቡት።

ንስሐ በወረቀት እንደማይሆን አውቃለሁ። መጥቼ እግርዎ ሥር እንዳልወድቅ መንገዱ ያስፈራኛል፤ ዝም እንዳልል ደግሞ ከመንገዱ የባሰ የሚያስፈራ ነገር ቤቴ ገብቷል። ይህን ሁሉ ዓመት በየጾሙ ስናዘዝ ጥቃቅኑን እየለቀምሁ ስነግርዎ ኖርሁ እንጂ ትልቁን አላወጣሁትም።

በልጅነቴ ኩባ ተልኬ እንደተማርሁ ያውቃሉ። አምና በሰኔ ወለተ ሚካኤል የምትባል የአምበር ሴት በሬን አንኳኳች። ከዐሥራ ሰባት ዓመት በፊት ባሏ ሞቶ እሷም ታማ በተኛች ጊዜ፣ የሁለት ዓመት ልጇን የኔአለምን «እስክድን ያዙልኝ» ብላ እዚህ ከተማ ለነበረ የሕፃናት ማሳደጊያ ሰጥታ ነበር። ልጅቱን ስፔን ወሰዷት። ዛሬ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ በሰው በሰው ዘመድ ስታፈላልግ እናቷን አገኘች። ነገር ግን ልጅቱ አማርኛ አታውቅም፣ እናቲቱ ከአማርኛ ሌላ አታውቅም። በከተማው ስፓኒሽ የሚያውቅ ከእኔ በቀር አልተገኘም። ላስተርጉምልሽ ብላት እንቢ አለች፤ ከልጇ ጋር በራሷ አፍ ማውራት ነው የምትፈልገው።

ስሟን እንደነገረችኝ ማን እንደሆነች አወቅሁ። አላወቀችኝም ብዬ ግን ተጽናናሁ፤ እሺ አልኋት።

ሰዋስው አላስተማርኋትም። ዜማ ቤት ያሉ ልጆች መጀመሪያ በጆሯቸው እንደሚለምዱት እኔም በጆሮ አስለመድኋት። ድስቱን አነሣና ስሙን እላለሁ፤ እጥደዋለሁ፣ ያንንም እላለሁ። የሚገባትን እየደጋገምሁ መሀሉ ላይ አንዲት አዲስ ቃል ጣል አደርጋለሁ። መጽሐፋችን የኔአለም የምትልከው ነበር፦ የድምፅ መልእክቷ፣ የአውቶቡስ ትኬቷ ፎቶ፣ ማቀዝቀዣዋ ላይ የለጠፈችው የሳምንቱ የምግብ ዝርዝር። ፊደሉንም ከትኬቱ ላይ አስቆጠርኋት። ኔትወርክ ሲመጣ የወሩ መልእክት በአንድ ጊዜ ይወርዳል፤ አንዱን ሃያ ጊዜ እናደምጠዋለን።

በመስከረም ልጅቱ፣ እየዘነበ ነው፣ ጃንጥላዬን ረሳሁ ስትል እናቲቱ እኔን ሳትጠብቅ «ውይ፣ ብርድ ሊመታት ነው» አለች። ገብቷታል። ከደስታዋ የተነሣ አለቀሰች። እኔም አብሬ አለቀስሁ፤ የእኔ ግን ፍርሃት ነበር። አንድ ቃል በተማረች ቁጥር ወደዚያች ቃል አንድ እርምጃ ትቀርባለች።

ቃሊቱ ሙዌርታ ናት። ሞታለች ማለት ነው።

ከምግቡ ስም፣ ከዝናቡ ስም እየመረጥሁ አስተማርኋት፤ ሞት ያለበትን ሁሉ ዘለልሁ። ኅዳር ላይ ግን ልጅቱ እያለቀሰች የስፔኗ አያቷ ማረፏን ተናገረች፤ እናቲቱም ቃሉን ከለቅሶው ውስጥ ለቅማ ያዘችው። ከዚያ ሌላ መልእክት መጣ፤ ልጅቱ፣ የጉዲፈቻ ወረቀቴ ላይ እናትሽ ሞታለች ይላል፣ ማነው እንዲህ ብሎ የጻፈው ትላለች። ምን አለች ስትለኝ ድምፁ ተቆራርጧል አልኋት።

ከጥምቀት በኋላ ባለው ሐሙስ ከነጠላዋ ሥር የታጠፈ ወረቀት አወጣች። ልጅቱ የላከችላትን የዚያን ወረቀት ፎቶ ወደ ኮፒ ቤት ወስዳ አሳትማው ነው። ዛሬ ይህን እንማር አለችኝ። እንዳየሁት አወቅሁት። ዓይኔ ደክሟል፣ ነገ ይሁን አልሁ። ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ እንዳስተማርኋት ታነብ ጀመር፤ ላ ማድሬ፣ እናት፤ ኤስታ ሙዌርታ። ቀና ብላ በአማርኛ «ሞታለች» አለች። ከዚያ ጣቷ ቁልቁል ወርዶ ፊርማው ላይ ቆመ።

አባቴ፣ የማሳደጊያው አስተርጓሚ እኔ ነበርሁ። የአማርኛው ወረቀት ታማለች ነው የሚለው። ኃላፊዋ ጠርታ፣ ሴትዮዋ ሳምንት አትቆይም፣ አሳዳጊ ወላጆቹ ከስፔን መጥተው ሆቴል ተቀምጠዋል፣ እናት አለች ከተባለ ጉዳዩ ዓመት ይፈጃል አለችኝ። ኤንፌርማ፣ ታማለች፣ ማለት ሲገባኝ ሙዌርታ ብዬ ጻፍሁ። አንዲት ቃል ናት። ወለተ ሚካኤል ግን ድና በሦስተኛው ወር ምርኩዝ ይዛ መጣች። በሩን ሳልከፍት በቀዳዳው፣ ልጅሽ ሄዳለች፣ ከእንግዲህ አትምጪ ያልኋትም እኔ ነኝ።

ያን ሐሙስ ይህን ሁሉ ልነግራት ስል ቀደመችኝ። ስምንት ወር ሙሉ እርስዎ ስትለኝ የነበረችው ሴት ወረቀቱን አጥፋ ወደ ነጠላዋ መለሰችና «ድምፅሽን ገና የመጀመሪያው ቀን ነው ያወቅሁት» አለችኝ። «ግን ቋንቋውን ሳልጨርስ አልጣላሽም።»

አልጮኸችም። ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች። ትመጣለች ብዬ አልጠበቅሁም፤ በሚቀጥለው ሐሙስ በሰዓቷ መጣች፣ በቦታዋ ተቀመጠች። ከዚያ ወዲህ የምትማረውን የምትመርጠው እሷ ናት። «ታምሜ ነበር» እንዴት ይባላል? «አልሞትሁም ነበር» እንዴት ይባላል? «ደጃቸው ድረስ መጥቼ ነበር»ስ? እነግራታለሁ። ስትሳሳት አርማታለሁ። የራሴን ክስ ቃል በቃል አስጠናታለሁ። አንዳንዴ ሆን ብዬ አጣምሜ ላስተምራት አስባለሁ፤ ግን ዓይኗን ከአፌ ላይ አትነቅልም።

ትናንት፣ በቃኝ፣ አሁን እችላለሁ አለች። ለልጇ ድምፅ ልትቀዳ ስለሆነ ከገዛ ቤቴ እንድወጣ አዘዘችኝ። ወጥቼ ጓሮ ቆምሁ። ከግድግዳው ወዲህ የተሰማኝ የኔአለም የሚለው ስም ብቻ ነው። ስትጨርስ ኔትወርክ አልነበረም፤ መልእክቱ ሳይሄድ ቀረ። እዚህ ከተማ ያረፈችበት ሰፈር መብራት ስለጠፋ ስልኩን ቻርጅ አድርጊልኝ ብላ ትታልኝ ሄደች። አምናኝ ይሁን ልትፈትነኝ አላውቅም።

ስልኩ አሁን ይህን የምጽፍበት ጠረጴዛ ላይ ነው። ልሰማው እችላለሁ። ላጠፋውም እችላለሁ፤ እንዴት እንደሚጠፋ እሷ አታውቅም። ከጠዋት ጀምሮ ሦስት ጊዜ አንሥቼ መልሼ አስቀመጥሁት። ስሜን ጠርታው ይሆን? ልጅቱ እዚያ አገር ያለውን ሕግ ይዛ ትመጣብኝ ይሆን? እስር ቤቱን እፈራለሁ። ከእስር ቤቱ ይበልጥ ግን የምፈራው ወለተ ሚካኤል ከእንግዲህ ሐሙስ ሐሙስ እንዳትቀር ነው። ይህንን ለማን ይናገሩታል?

አባቴ፣ ከዚህ በላይ ያለውን ጽፌ ሳልጨርስ ኔትወርኩ መጣ። ስልኩ ጮኸ፤ መልእክቱ ሄዷል። አልነካሁትም። ያስተማርኋት እኔ ነኝ፣ ያለችውን ግን አላውቅም።

በጸሎትዎ ወለተ ሚካኤልንና የኔአለምን ያስቀድሙልኝ፤ እኔን ከእነሱ ኋላ። መንገዱ ሲከፈት በእግሬም ቢሆን እመጣለሁ። እስከዚያው ጉባኤዎን ያስፋልዎ፣ ለወገብዎ ምሕረቱን ይላክልዎ፤ በረከትዎ ይድረሰኝ።

የንስሐ ልጅዎ