አርባ ሁለት መቃብር ስለቆፈረው ወንድሜ

…ቢሮዎ ውስጥ ወንበሩ ሁለት ነበር፤ ወይስ ሦስት፤ አንዱ ላይ የእርስዎ ኮት ተሰቅሎ ነበር። ብቻ ወንድሜ ቆሞ ነበር። በዚህ ልጀምር አላሰብኩም፤ ይቅርታዎን።

ስሙን ለክብሩ ስል ለማልጠራው የመድን ድርጅት፣ የንፋስ መውጫ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ፣ እጅግ ለተከበሩት ጌታዬ፤ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ልብዎም፣ ደም ግፊትዎም፣ ኩላሊትዎም በፎርምዎ ከተራ ቁጥር ሰባት እስከ አሥራ ዘጠኝ እንደሚፈለገው እንዲሆንልዎ ከልብ እመኛለሁ።

ወንድሜ ዓለምነህ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው። ከተወለደ ጀምሮ ዳውን ሲንድረም አለበት፤ ፊቱን ያየ ሁሉ ያውቀዋል። በገበሬዎች ማኅበር መጋዘን የገብስ ጆንያ ይሸከማል፤ ሥራ ሲያልቅ ትልቁን የብረት በር የሚዘጋውም እሱ ነው። ማኅበሩ ለአሥራ ሁለት ሠራተኞቹ የሕይወት መድን ለመግባት ስማቸውን ሲልክልዎ አሥራ አንዱን ተቀብለው አንዱን መለሱ። ከመጪው ሐምሌ አንድ ጀምሮ መድን የሌለው ሠራተኛ ወደ መጋዘኑ እንዳይገባ ታዟል። ስለዚህ ላመሰግንዎ ተነሣሁ።

አንደኛ፣ ስለ ጥያቄዎ። ወንድሜ ከፊትዎ ቆሞ ሳለ እኔን እያዩ፣ «እስከ ስንት ዓመት ይኖራል ተብሎ ይጠበቃል?» አሉኝ። እሱ ግን፣ «ነገ ሥራ አለኝ» ብሎ መለሰልዎት። ፎርሙ ለእንዲህ ያለ መልስ ቦታ ስላልነበረው ሳይጻፍ ቀረ።

ሁለተኛ፣ የሐኪም ወረቀት ስላሉን ደብረ ታቦር ድረስ ወርደን ልቡን አስመረመርን። ደህና ነው ተባለ። ወረቀቱን ሳይገልጡ መለሱልን፤ እንዳይጨማደድ ያደረጉትን ጥንቃቄ አደንቃለሁ።

ሦስተኛው ጥፋት የእኛ ነው። ሰው ቢመሰክርለት ይሻላል ብለን ከእድራችን ደብዳቤ አጻፍን። የእድሩ ዳኛ አያ ካሴ፣ ዓለምነህ አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ከአንድም ቀብር እንዳልቀረ፣ ድንኳን እንደሚተክል፣ አርባ ሁለት መቃብር እንደቆፈረ፣ መሬቱ ድንጋይ ሆኖ ሌላው ሲያርፍ እሱ እንደማያርፍ ጽፈው ማኅተም አሳረፉበት። እኛ ዘንድ ስለ አንድ ሰው ከዚህ የሚበልጥ ምስጋና አይጻፍም። እርስዎ ግን በመልስ ደብዳቤዎ «ተጨማሪ አደገኛ ሥራ፦ የመቃብር ቁፋሮ» ብለው ሁለተኛ የውድቅ ምክንያት አደረጉት። ከተቀበሏቸው ከአሥራ አንዱ ስድስቱ ከእሱ ጋር አንድ ጉድጓድ ውስጥ ቆፍረዋል። እነሱን አልጠየቁም። ፊታቸው አያስጠይቅም።

አያ ካሴ ያኔ ወንድሜን በእድሩ ሲመዘግቡ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አካፋ አለው ወይ።

አራተኛ። እዚህ ላይ ብዕሬ ቆመ። ያን ስለ ዕድሜው የጠየቁኝን ጥያቄ እኔም ማንም ሳይሰማኝ ራሴን ጠይቄ አውቃለሁ፤ ከአንዴም ሁለቴ። በዚህ ስለምንመሳሰል ነው አብልጬ የጠላሁዎት።

የሰውን ዕድሜ በእስክሪብቶ ጫፍ ለመለካት ለማይደክመው እጅዎ ያለኝን አድናቆት እየገለጽኩ፣ ለእርስዎም በቅጡ የተሰላ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ኮትዎ ከተቀመጠበት ወንበር አጠገብ ቆሜ እጅ የምነሣ፣

የዓለምነህ እህት
ሐረገ ወይን ባዩ

ማስታወሻ፦ እርስዎ ለከተማው እንግዳ ስለሆኑ በእድራችን ለመመዝገብ ማመልከቻ እንዳስገቡ አያ ካሴ ነገሩኝ። ተቀብለውዎታል። ዕድሜዎን አልጠየቁም፤ ልብዎንም አላስመረመሩም። ቀኑ ሲደርስ አካፋ ይዞ ቀድሞ የሚመጣው ማን እንደሆነ ያውቁታል፤ መሬቱ ድንጋይ ቢሆንም አያርፍም።

ዛሬ ሐምሌ አንድ ነው። ከመጋዘኑ ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነው ይህችን የምጨምረው። አሥራ አንዱ ገብተዋል። ዓለምነህ ትከሻው ላይ የሚያደርጋትን የጆንያ ቁራጭ አጥፎ ይዞ ደጃፉ ላይ ቆሟል። የብረቱ በር ከውስጥ ተዘጋ።