ለአሜሪካኖቹ ገና አልሞትክም

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

አባዬ፣

ይህን ልጻፍልህ ወይስ ልተወው እያልኩ ሦስት ቀን ቆየሁ። ነገሩ ያሳፍረኛል። ፊት ለፊቴ ብትሆን ኖሮ አልናገረውም ነበር፤ ወረቀት ላይ ግን ትንሽ ይቀለኛል። እንዲህ ነው፤ ለአሜሪካኖቹ ገና አልሞትክም። በሕይወት አለ ብዬ የነገርኳቸው እኔ ነኝ።

ከተለየኸን አራት ወር ከአሥራ ስድስት ቀን ሆነ። የእማዬ ኢዳ፣ ባሏ የሞተባት ሴት ቤት የምትቀመጥበት አራት ወር ከአሥር ቀን፣ ያለፈው ሐሙስ ስለሞላ ቀኑ አይጠፋኝም። በማግስቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረጃውን ወርዳ እስከ ዮቪል ገበያ ደረሰች። ቲማቲም ብቻ ገዝታ ተመለሰችና «ሰዉ በዛብኝ» አለች።

ቤቱ አንተ እንደተውከው ነው። ደስ እንዲልህ ብዬ አይደለም፤ ምንም እንዳይነካ ስለተባለ ነው። ወንድምህ፣ አጎቴ ሸምሱ፣ «አሜሪካ ለመሄድ ኬዝ ያለበት ሰው አይነቃነቅም» ይላል። ድንገት ተነሡ ሊሉን ስለሚችሉ ስልክ ቁጥር አይቀየርም፣ ቤት አይቀየርም፣ ትምህርት ቤት አይጀመርም። የእማዬ እህት ረስተንበርግ መጥታችሁ ከእኔ ጋር ኑሩ ብላ ነበር፤ እሱም አይሆንም ተባለ። አራቱ ሻንጣዎች አሁንም ኮሪደሩ ላይ ናቸው፤ ወደ መታጠቢያ ቤት የምናልፈው በጎን እየሾለክን ነው። ለምንሄድበት ለኦሃዮ ብርድ ብለህ ለትንሿ ልጅህ ለሩቂያ የገዛህላት ካፖርት እጅጌው ከአንጓዋ በላይ ቀርቷል። «ታድግበታለች» ብለህ ነበር። አደገችበት፣ አለፈችውም፤ እዚሁ ጆሃንስበርግ ሆና።

ስልክህ እኔ ጋ ነው። ባትሪው እንዲያልቅ አልፈቅድም።

ስደተኞችን ወደ አሜሪካ የሚልከው ቢሮ የደወለው ከቀብርህ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ነው። ሴትየዋ ድምፅዋ ለስላሳ ነው፣ አትቆጣም። በእንግሊዝኛ «ፕሮግራሙ እንደቆመ ነው፤ ፋይላችሁን ግን እያደስን ነው። በቤተሰቡ ላይ ለውጥ አለ?» አለችኝ። አጎቴ ፊቴ ቆሞ ራሱን ግራና ቀኝ ይነቀንቃል። «የለም» አልኩ። በመስከረም እንደገና ስትደውል ግን አጠገቤ ማንም አልነበረም። ያን ጊዜም «የለም» አልኩ። የመጀመሪያውን በአጎቴ ማላከክ እችላለሁ፤ ሁለተኛው የራሴ ነው።

በፋይሉ ላይ ዋናው ስም ያንተ ነው፤ እኛ ከሥርህ የተጻፍን ነን። ዋናው ሰው ከሞተ ሁሉም ነገር እንደ አዲስ ይጀመራል ብለው ነው የሚፈሩት። እውነት ይሁን አይሁን ሄዶ የጠየቀ የለም። ለቅሶ የደረሱን፣ ጀፔ ገበያ የሚነግዱ የአገራችን ሰዎች ሲወጡ በር ላይ ቆም ብለው «አላህ ያጽናችሁ» ይላሉ፤ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አደራ፣ ለቢሮው እንዳትናገሩ።» ለእኛ አዝነው ነው፣ አውቃለሁ። እማዬ የሞት ወረቀትህን ከስደተኛ ፔፐሮቻችን ጋር በስህተት እንዳይወጣ ብላ ለብቻው ሩዙ ባልዲ ሥር አስቀምጣዋለች።

ይህን ሁሉ ምን አመጣብን ብዬ ሳስብ ሐሳቤ የአሜሪካ ምርጫ ውጤት ወደተነገረበት ጠዋት ይሄዳል። ከትምህርት ቤት አስቀርተኸኝ ታች ምግብ ቤቱ ወረድን። ወንዶቹ ቴሌቪዥኑ ፊት ሞልተዋል። እንግሊዝኛው ስለሚፈጥንብህ እኔን አጠገብህ አስቀመጥከኝ። እኔ በጆሮህ ሹክ እልሃለሁ፣ አንተ ብድግ ብለህ ለቤቱ ሁሉ ትጮኻለህ፤ «ፔንሲልቬንያም ሄደች!» ከድር ሹፌሩ «አንተ ሰውዬ፣ ካርድ እንኳን የለህ፣ ማን ሆነህ ነው የምትጮኸው?» አለህ። «እነሱ ይመርጣሉ፣ የሚደርሰው ለእኛ ነው! ታዲያ ማን ይጩህ?» አልከው። ቤቱ በሳቅ ሞላ።

እኔ አልሳቅኩም። አንተ የምትደግፈው ያሸነፈውን ሰውዬ ነበር። ስለ ስደተኛ የሚናገረውን ሁሉ የተረጎምኩልህ ደግሞ እኔ ነበርኩ። «አባዬ፣ በሩን እዘጋለሁ እያለ ነው» ስልህ «የምርጫ ወሬ ነው» ትለኛለህ። «ሰውዬው ነጋዴ ነው፤ ነጋዴ ሠራተኛ ይፈልጋል። ጦርነትም አይወድም፤ ጦርነት ገበያ ያቀዘቅዛል።» አንተ ሰውን ሁሉ እንደ ጀፔ ነጋዴ ነበር የምታየው። እኔ አላመንኩትም ነበር፤ ግን አንዴ ከነገርኩህ በኋላ ደግሜ መናገር አፈርኩ።

የበረራችን ቀን የካቲት ላይ ተቆርጦ ነበር። ምርመራውን አልፈናል። ጥር ላይ ትምህርት ሲከፈት «ልትሄጂ አይደል? ለምን ትመዘገቢያለሽ?» አልከኝ፣ እኔም አሥረኛ ክፍል ሳልመዘገብ ቀረሁ። ሰውዬው ሥልጣን በያዘበት በመጀመሪያው ቀን በወፍራም ጥቁር ብዕር እየፈረመ ወረቀቶቹን ለካሜራ ከፍ አድርጎ ያሳይ ነበር። ሰዎች ያጨበጭባሉ። እኔና እማዬ ሻንጣው ላይ ተቀምጠን ዚፑን ለመዝጋት እንታገላለን። ከእነዚያ ወረቀቶች አንዱ የእኛን ጉዞ ያገደው እንደነበረ የገባን በኋላ ነው። አንተ አልደነገጥክም። «ሱቅ ሲሸጥ አዲሱ ባለቤት በሩን ዘግቶ ዕቃ ይቆጥራል። ቆጥሮ ሲጨርስ ይከፍታል» አልክ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ዜና ስከፍትልህ «ቆጥሮ ጨረሰ?» ትለኝ ነበር።

እኔ ከሰውዬው ይልቅ ስለ መረጡት ሰዎች አስባለሁ። አንዲት ሴትዮ ለምን እንደመረጠችው ቴሌቪዥን ላይ ስትጠየቅ «እንቁላል ተወደደ» አለች። ልናደድባት ሞከርኩ፣ አልቻልኩም። ጻካኔ ሰፈር ሱቅ በነበረን ጊዜ እንቁላል ሲጨምር የደንበኞቻችን ፊት እንዴት እንደሚሆን አይቻለሁ። ሴትዮዋ እኔን አታውቀኝም። ስለ ቁርሷ አስባ ድምፅዋን ሰጠች፣ እኔ እዚህ ትምህርት ቤት ሳልገባ ቀረሁ። ክፋት የለባትም። የሚጨንቀኝም ይኸው ነው፤ ክፉ ብትሆን ቢያንስ የምጠላው ሰው ይኖረኝ ነበር።

ግንቦት ላይ ያንኑ በር ለነጮቹ ደቡብ አፍሪካውያን ከፈቱላቸው። ስደተኞች ናቸው ተብለው ከዚሁ ከጆሃንስበርግ ኤርፖርት ሲሳፈሩ አብረን አየን። ያን ሰሞን፣ ጻካኔ እንቁላል ያመጣልን የነበረው ሽማግሌው ነጭ ገበሬ ጀፔ ድረስ አንተን ፈልጎ መጣ። ሱቃችን ሁለተኛ ጊዜ ተዘርፎ ከተቃጠለ ወዲህ አንተ አጎቴ ጋ ብርድ ልብስ ትሸጥ ነበር። ሽማግሌው «ልጆቼ እንሂድ ይሉኛል። የአሜሪካንን ነገር የምታውቀው አንተ ነህ» አለህ። ትቆጣዋለህ ብዬ ፈራሁ። አንተ ግን በርጩማ አቀረብክለት። ኢንተርቪው ላይ ቀን እንዳትሳሳት፣ አንዴ ያልከውን ሁለተኛም እንደዚያው በል፣ ወረቀትህን ሁሉ ኮፒ አድርግ እያልክ ሰባት ዓመት ስትማረው የኖርከውን በሙሉ ሰጠኸው። ሲሄድ አጎቴ «ምን ነክቶሃል? ወረፋችንን እኮ ነው የወሰዱት!» ሲልህ «እሱ ምን አደረገ? ወረፋ የሚያድለው ሌላ ነው» አልከው። ያን ቀን ግን ዜና አላስከፈትከኝም። ከዚያ ወዲያም ቆጥሮ ጨረሰ ወይ ብለህ አልጠየቅከኝም።

ስኳርህ ሲብስ ክሊኒክ ሄደህ በጊዜ ተመለስክ። «ወረፋው ረዘመብኝ» አልከን። በሩ ላይ የቆሙ ወጣቶች የዚህ አገር መታወቂያ ካላሳየህ አትገባም እንዳሉህ ከድር የነገረኝ ከሞትክ በኋላ ነው። እዚህ አትግቡ፣ እዚያ አትምጡ። በሁለቱ መካከል የቀረችልን ይህች ፍላት ቤት ናት፣ ከነሻንጣዎቿ።

ሌላም ያልነገርኩህ አለ። ሩቂያ አታውቅም። ጀናዛህ ሲወጣ ጎረቤት ወስደዋት ነበር። ተመልሳ «አባዬስ?» ስትል ከሴቶቹ አንዷ «ቀድሟችሁ አሜሪካ ሄደ» አለቻት። የአምስት ዓመት ልጅ ናት፣ አመነች። ማናችንም አላረምንም። ስለዚህ ለአሜሪካኖቹ ጆሃንስበርግ ነህ፣ ለሩቂያ አሜሪካ ነህ። አንተ ያለህበትን የምናውቀው እኛ ዝም ብለናል።

ሰኞ ሴትየዋ ሦስተኛ ጊዜ ደወለች። ፋይሎች እንደገና እየታዩ ስለሆነ ሐሙስ ጠዋት በአራት ሰዓት ከአንተ ከራስህ ጋር መነጋገር እንዳለባት ነገረችኝ። እሺ አልኩ። አጎቴ ሲሰማ «ምን ችግር አለ? ድምፃችን አንድ ነው» አለ። እውነቱን ነው፤ ስልክ ላይ አያቴ እንኳን ትሳሳት ነበር።

ትናንት ከሰዓት መጥቶ ተለማመድን። እኔ ሴትየዋን ሆንኩ። የተወለድክበትን ዓመት፣ ከአገር የወጣህበትን ወር፣ ሱቁ የተቃጠለበትን ቀን ካርቶን ላይ ጻፍኩለት። ይሳሳታል፣ «ወንድሜ እኔን ለፈተና አስቀምጦ ሄደ» ብሎ ይስቃል። ዓይኑ ግን ቀልቶ ነበር። ከዚያ «ጤናህ እንዴት ነው?» ብዬ ጠየቅኩት። ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ ልክ አንተ እንደምትለው ጎተት አድርጎ፣ «ደህና ነኝ፣ አልሃምዱሊላህ» አለ።

የመኝታ ቤቱ በር ተከፈተ። ሩቂያ በባዶ እግሯ እየሮጠች ወጣች። አጎቴን አየችው። ከኋላው አየች። የበሩን ጀርባ አየች፣ ሻንጣዎቹ መካከልም አየች። ተመልሳ ገባች። አጎቴ ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «ለዛሬ ይበቃናል» ብሎ ወጣ። የእግሩ ኮቴ ደረጃው ላይ ሲቆም ሰማሁ፤ ወዲያው አልወረደም።

ዛሬ ጠዋት ለእማዬ ነገርኳት። ድንች እየላጠች ነበር። «አጎቴ አባዬን ሆኖ እንዲናገር አልፈልግም። እውነቱን እኔ ልንገራቸው» አልኳት። ኬዙ ቢዘጋስ ትለኛለች ብዬ ጠበቅኩ። መላጧን አላቆመችም። ድንቹ ሊያልቅ ሲል «ልጅቷን እኔ እነግራታለሁ። ስልኩን አንቺ» አለች።

እፈራለሁ አባዬ። ፋይሉ ከተዘጋ የዘጋችው እሷ ናት እባላለሁ። ጀፔ ሁሉ ይሰማል። አጎቴ እስከ መቼ እንደሚያኮርፈኝ አላውቅም። ብንቀርስ፣ እዚህስ እንዴት እንኖራለን የሚለውንም መልሱን አላገኘሁትም። በሩ መከፈቱና መዘጋቱ ግን እኔ ጋ አይደለም፤ የማላውቃቸው ሰዎችና የማልመርጥበት ምርጫ ጋ ነው። እኔ ጋ ያለው አባትሽ የት ነው ስባል የምመልሰው ብቻ ነው። እሱንም ለሰው ሰጥቼው ኖሬያለሁ።

ከእንግዲህ ስላንተ የሚጠይቀኝን ሰው አለ፣ ደህና ነው አልለውም። ማን እንደነበርክ እነግረዋለሁ፤ ያንን ሰውዬ መደገፍህንም አልደብቅም፣ ለገበሬው በርጩማ ማቅረብህንም አልተውም። አርብ ከጁምዓ በኋላ ሩቂያን ይዘናት ወደ መቃብርህ እንመጣለን። መንገዱን ብቻዋን እስክታውቀው ድረስ አመላልሳታለሁ።

ነገ ጠዋት ከቁርስ በፊት እማዬ ሩቂያን አጠገቧ አስቀምጣ መርዶዋን ትነግራታለች። እኔም በሌላው በኩል እቀመጣለሁ። አጎቴ በሦስት ተኩል ሲመጣ በሩን ከፍቼ የወሰንነውን እነግረዋለሁ፤ ቢቆጣም እንዳይሄድብን እለምነዋለሁ። በአራት ሰዓት ስልኩ ሲጠራ አነሳለሁ። አባቴ ሰኔ መጨረሻ ላይ ሞቷል፣ ሁለት ጊዜ ዋሽቼሻለሁ እላታለሁ። ከዚያ የምትለውን እስክትለኝ ድረስ ስልኩን ሳልዘጋ እጠብቃለሁ።

ልጅህ ሐያት