ያልተኛህበት አልጋ

ቢቸና፣ ጥር 23 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለምወድህና ለተቆጣሁህ ልጄ ለአካለ ወልድ
ሞጣ

እንደምን ሰነበትህ? ሚስትህ ንጋትና ልጃችሁ ጸደንያ ደህና ናቸው ወይ? እኛ በቁም አለን። ከዚያ አልፌ ደህና ነን ብዬ አልዋሽህም። ስልክ ብደውል አታነሳም፤ አንድ ጊዜ ብታነሳም «ስብሰባ ላይ ነኝ» ብለህ ዘጋኸው። ስለዚህ ይህን ወደ ሞጣ በምትመለሰው በነርሷ በሰብለ ወንጌል እጅ ልኬልሃለሁ። ፊቷ ቆመህ አትቅደደው፤ ጨዋ ልጅ ናት። እስከ መጨረሻው አንብበው።

ጤፋችን ተወቅቶ ገብቷል። ማዳበሪያው ዘግይቶ ስለ ደረሰን ከአምናው ያነሰ ነው፤ የዘገየበትን ምክንያት አንተ ከእኔ የተሻለ ታውቃለህ። እናትህ ጉልበቷን ታማለች። ጤና ጣቢያ ክኒን ሰጥተዋታል፤ ስትቀመጥ ደህና ናት፣ ስትነሣ ግድግዳ ትይዛለች። ይህን የምነግርህ በመጪው ሰኞ አንተ ወደ ጠራሃት ችሎት የምትመጣው በዚህ ጉልበቷ መሆኑን እንድታውቅ ነው።

ነገሩን ዙሪያህ ካሉት ሰዎች አፍ ብዙ ጊዜ ሰምተኸዋል። አሁን ከእኔ ስማው።

የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ዘበኛ ፋንታ እስከ ዛሬ ታስሮ ነው ያለው። ባለፈው ግንቦት 12 ቀን ከመጋዘኑ ማዳበሪያ ተጭኖ ወጥቶ ለናንተ ፓርቲ ሰዎች ታደለ። ወረፋ ሲጠብቅ የነበረው ገበሬ ሲጮኽ ዘበኛው ሰረቀ ተባለ። እሱም «ክፈት ያሉኝ የቦርዱ ሰብሳቢ አቶ አካለ ወልድ ናቸው፤ እዚያው ቆመው አስጭነዋል» አለ። አንተን ለምስክርነት እንደ ጠሩህ ስሰማ ደስ አለኝ። ልጄ ቆሞ አንድ ምስኪን ያስፈታል ብዬ፣ ሳልነግርህ በጠዋቱ መኪና ተሳፍሬ ሞጣ መጣሁ።

ይህን አታውቅም። ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ተቀምጬ ነበር።

ከመግባታችን በፊት ግቢው ውስጥ አንዲት ሴት አጠገቤ ነበረች። የፋንታ ሚስት ባንቺዓለም ናት።

«ከየት ነዎት አባባ?» አለችኝ።

«ከቢቸና። የአካለ ወልድ አባት ነኝ።»

ተነሥታ ጉልበቴን ሳመችው። «እግዜር ይስጥልኝ! እሳቸው ቃላቸውን ከሰጡ ዛሬውኑ ይለቁታል ብለውኛል። ልብሱን አጥቤ ይዤ መጥቻለሁ» አለችና ፌስታሉን ከፍታ ሸሚዙን አሳየችኝ። አንገትጌው በመርፌ ተጠግኗል።

ከዚያ አንተ ገብተህ እጅህን አንሥተህ ማልህ። «ያን ቀን ሞጣ አልነበርሁም። ታምሜ ቢቸና አባቴ ቤት ተኝቼ ነበር። እናቴ አጥሚት ስታጠጣኝ፣ አባቴ ራስጌዬ ተቀምጦ ዳዊት ሲደግምልኝ ነው የዋልሁት» አልህ። ድምፅህ አልተንቀጠቀጠም። ዳኛው ራሱ ለስለስ ብሎ «አሁንስ ተሻለዎት?» ሲልህ «ተመስገን» አልኸው።

መነሣት ነበረብኝ። ነገር ግን ችሎት ውስጥ ያልተጠየቀ ሰው አይናገርም። ወጥቼ መናኸሪያ ሄድሁ። ባንቺዓለም ፌስታሏን እንደ ያዘች ደጅ ቆማ ነበር። የውስጡን ገና አልሰማችምና ፈገግ አለችልኝ።

ልጄ፣ ስትዋሽ እንኳ ቤትህን ረስተሃል። ግንቦት 12 የሚካኤል ማኅበር የእኛ ተራ ነበር። ጽዋው የነበረው እኛ ቤት ነው። ማኅበርተኛው ከመደቡ እስከ ደጃፉ ተደርድሮ ውሏል። አንተ ተኛሁበት ያልኸው ጓዳ ጋንና እንስራ ሞልቶበት፣ አልጋው ላይ ድፎ ዳቦ ተደርድሮ ነበር። በሽተኛ ቀርቶ ድመት የምትተኛበት ቦታ አልነበረም። ከመጣህ ብዙ ጊዜ ሆኖሃልና ተራችን መቼ እንደሚደርስ አታውቅም፤ ብታውቅ ኖሮ ሌላ ሰው ቤት ትታመም ነበር።

እንግዲህ ያ ሁሉ ማኅበርተኛ እንዳልነበርህ ያውቃል።

አምና የወዲያኛው ፓርቲ ተመራጭ ስጦታው፣ የወል ግጦሹ ሲሸጥ አላየሁም ብሎ ምሎ ሲዋሽ ምን እንዳደረግን አልረሳኸውም። አንተ መድረክ ላይ ወጥተህ «በእግዚአብሔር ስም የዋሸ ሰው ሕዝብ አይወክልም» አልህ፤ በስልክ ቀድተው አሳይተውኛል። እኔም ማኅበሩ ፊት ተነሥቼ፣ ምሎ የዋሸ ሰው ጽዋ አይቀምስም፣ ሲደርስበት ይታለፍ አልሁ። ሁሉም «ይሁን!» አለ። መምሬ ሀብተ ሥላሴም አጸኑት። ስጦታውም ማኅበርተኛ ነውና መካከላችን ተቀምጦ ነበር። ጽዋው ከግራው ሰው ወደ ቀኙ ሰው ሲያልፍ እጁ ተዘርግቶ ቀረ። ተነሥቶ ሲወጣ የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴው ባየ፣ «ጫማህን አትርሳ! ኋላ የእኔ አይደለም ብለህ እንዳትምል!» ብሎ ቤቱን በሳቅ ሞላው። እኔ አልሳቅሁም፤ ግን ትክክል ነው ብዬ ነበር። ዛሬም ትክክል ነው እላለሁ።

ባለፈው ሳምንት ይኸው ባየ ሁለት ሽማግሎች አስከትሎ መጣ። እኛ ቤት አለመተኛትህ ተሰምቶ ዐቃቤ ሕግ በሐሰት ምስክርነት ከስሶህ ነበር፤ እሱ እኔን፣ አንተ ደግሞ እናትህንና ባየን ለምስክርነት ጠርታችኋል።

«አያ ኃይለ ጊዮርጊስ፣ መቼም ልጅ ነው» አለኝ።

«ስጦታውም የሰው ልጅ ነበር።»

«እሱ ሌላ ነው።»

«ምኑ ነው ሌላው?»

«እሱ ለሆዱ ነው የማለው። አካለ ወልድ ለእኛ ብሎ ነው። አንድ ኩንታል ወደ ቤቱ አስገብቷል? ለወገን ነው ያደለው።»

«ፋንታስ?»

«ፋንታ ዘበኛ ነው፤ ዛሬ ባይሆን ነገ ይፈታል። አካለ ወልድ ከወደቀ ግን እነዚያ ዳግመኛ ይጫወቱብናል።»

«ባየ» አልሁት፣ «ግንቦት 12 ቤቴ ነበርህ። ልጄን አየኸው?»

ይሽኮረመማል ብዬ ነበር። ዓይኔን እያየ፣ «ጓዳ ተኝቶ ነበር፣ ጋቢ ተከናንቦ። ሲያስል ሰምቼዋለሁ» አለኝ።

«በየትኛው ጆሮህ? እኔ አጠገብህ ቆሜ ዳቦ ቁረስ ብልህ የማትሰማ ሰው!»

ሁለቱ ሽማግሎች ሳቁ። ባየ አልሳቀም። «አንተ ሰው አይደለህም» ብሎኝ ወጣ።

በዚህ ወር ማኅበር ሲገናኝ ተነሥቼ ጠየቅኋቸው። ወይ ልጄም እንደ ስጦታው ይታለፍ፣ ወይ ስጦታው ተጠርቶ ይምጣ፤ ከሁለቱ አንዱን ምረጡ አልሁ። መምሬ ሀብተ ሥላሴ መሬት መሬት አዩ። ከወደ ኋላ አንዱ «ጽዋ ላይ ፖለቲካ አታምጣብን» አለኝ። «አምና ማን አመጣው?» አልሁ። ጽዋው ሲደርሰኝ ሳልቀምስ አሳለፍሁት። ከዚያ ወዲህ ሰላምታቸው አጥሯል። የአጥር ድንጋይ ሳነሣ አይተው የሚያግዙኝ ጎረቤቶች አሁን በማዶ በኩል ያልፋሉ።

ከወዲያኛው ወገን ደግሞ ሽታሁን መጣ፤ የፓርቲያቸው ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ነው። አምና በስጦታው ጉዳይ ገበያ መሐል «በአንዲት ቃል ሰው አይገለልም፣ ይህ ግትር ሽማግሌ ምን ነካው» ያለ ሰው ነው። አሁን ጎንበስ ብሎ ገብቶ፣ «አባታችን፣ እርስዎ የእውነት ሰው ነዎት። መሐላ ትልቅ ነገር ነው። ሕዝቡ ከእርስዎ ሊማር ይገባል፤ በሬዲዮ እናቀርብዎታለን» አለኝ።

«ስጦታው ሲምል መሐላው ትንሽ ነበር?»

«እሱማ በጠላት የተቀነባበረ ነው።»

«ውጣልኝ። የምመሰክረው ለፋንታ ነው እንጂ ለናንተ አይደለም።»

ኮፍያውን እያስተካከለ ሳቀ። «ለማንም ይመስክሩ አባታችን፤ ለእኛ ያው ነው» አለኝ።

ከሁሉም የመረረኝ ይህ ነው። እኔ ስናገር እነሱ ያጨበጭባሉ፤ ዝም ስል እናንተ ታጨበጭባላችሁ። ፋንታን የሚጠይቅ የለም።

አሁን ወደ እናትህ ልምጣ።

መጥሪያው የደረሳት ዕለት «ትምያለሽ?» አልኋት።

«እምላለሁ» አለችኝ።

«እግዚአብሔርን አትፈሪም?»

«እፈራለሁ። ልጄን በካቴና ማየት ግን ይብስብኛል።»

«የፋንታም እናት ልጇን በካቴና እያየች ነው።»

«አንተ እውነት ስትናገር ደስ ይልሃል። ዕድሜ ልክህን ደስ እንዳለህ ነው። ልጁ የማይመጣው ለዚህ ነው» አለችኝ።

ተነሥቼ ደጅ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲህ የሆነችውን ልንገርህ። ጓዳውን ጠርጋ አልጋህን አንጥፋለች። ለጎረቤት ስትናገር እሰማታለሁ፤ «ላብ አጥምቆት ነበር፣ ሸሚዙን ቀየርሁለት፤ አጥሚቱን ሁለት ጉንጭ ብቻ ጠጣልኝ» ትላለች። በመጀመሪያ ምስክርነቷን የምታጠና መስሎኝ ተቆጣሁ። አሁን ግን እያየኋት ነው። በነገረችው ቁጥር ፊቷ ይበራል። ደጅ ቁጭ ብዬ ሳዳምጣት፣ እኔ ራሴ ወደ ጓዳው ዞር ብዬ ያየሁበት ጊዜ አለ። በእኛ በሽማግሎቹ ላይ የጣልኸው ይህን ነው።

ይርጋነሽ በሕይወቷ ምላ አታውቅም። በንስሐ አባቷ ፊት እንኳ ስለ ማንም ክፉ ያልተናገረች ሴት ናት። አንተ ለፓርቲህ ብለህ ያን እጇን ልታስነሣት ነው።

ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የቆጠርሁት ለቤተ ክርስቲያን ድንጋይ እየጠረብሁ፣ ካህናቱ ሲያነቡ እያየሁ ነው። የወንጀል ሕጉን ግን ገዝቼ እስኪገባኝ ድረስ አንብቤዋለሁ። እኔ አልነበረም ብዬ፣ እሷ ነበረ ካለች፣ ዳኛው ከሁለታችን አንዳችንን ውሸታም ይላል። እኔን አይደለም። ስለዚህ ሰኞ ዕለት አፌን ስከፍት ልጄን ብቻ አይደለም የማሳስረው። ይህን አስቤበታለሁ። ስንትና ስንት ዓመት አብሬያት የበላሁ ሴት ናት፤ ያላሰብሁበት እንዳይመስልህ። አስቤ አስቤ የደረስሁበት ያው ነው፤ እናገራለሁ።

ሊያስቀረው የሚችለው አንተ ብቻ ነህ። ከሰኞ በፊት ሂድና ቃልህን አንሣ። ማዳበሪያውን ያስጫንሁት እኔ ነኝ በል። ፋንታ ቤቱ ይግባ፣ እናትህም እጇን ሳታነሣ ትመለስ። ትታሰራለህ፤ አላባብልህም። ፓርቲህ በማግሥቱ አያውቅህም፤ እነዚያም በገበያ ስምህን እየጠሩ ይስቃሉ። ስንቅ ግን እኔ አመላልሳለሁ። ብርድ ልብስም አይጎድልብህም። ንጋትንና ጸደንያን ወደዚህ አምጣቸው፤ ቤቱ ይበቃናል።

ይህን ካላደረግህ እሑድ እኔና እናትህ በአንድ መኪና እንመጣለን። ብቻዋን መውጣት ስለማትችል ደግፌ የማሳፍራት እኔ ነኝ። በግንደወይን በኩል መንገዱ ስለሚያንገጫግጭ ጥጉን እሷ ትያዝ፣ እኔ ከዳር እሆናለሁ። ሞጣ ስንደርስም ደግፌ አወርዳታለሁ። ዐቃቤ ሕግ የጠራው ስለሚቀድም መጀመሪያ የምቆመው እኔ ነኝ።

ያን ቀን መጥቶ ነበር ወይ ቢሉኝ፣ አልመጣም እላለሁ። ዳዊት ደግመህለታል ወይ ቢሉኝ፣ አልደገምሁለትም እላለሁ። ታሞ ቢመጣ ኖሮ ትደግምለት ነበር ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ዳኛ እንደማይኖር አውቃለሁ። ከዚያ ወዲህስ መጥቶ ያውቃል ወይ ብለው ቢጠይቁኝ ግን ምያለሁና ያንንም እውነቱን እናገራለሁ።

እግዚአብሔር አፍህን ለእውነት ይክፈትልህ። ጸደንያን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልህ፤ እሷን ምላ የምትዋሽልህ አያድርጋት። እናትህ ስትጽፍ ሳምልኝ ብላኛለች፤ ስሜላታለሁ።

አባትህ
ኃይለ ጊዮርጊስ