ከመጋረጃው ማዶ የመጣ አሜን

ለውድ አባቴ፤

ደብዳቤዬ ከነሙሉ ጤናዎ ያግኝዎ። እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎስ እንዴት ሆነልዎ? ደረጃውን ያለ ከዘራ ሳያምዎት መውጣት ጀመሩ ወይስ አሁንም እልህ ይዞዎት ከዘራውን ደጅ ጥለው ነው የሚወጡት? እናቴ እንዴት ናት? ታላቅ ወንድሜ፣ ሚስቱ፣ ያቺ አፈ ጮሌ ልጃቸውስ? እኔ ዕድሜ ለፈጣሪ ደህና ነኝ፤ ሰውነቴ ደህና ነው።

ባለፈው በስልክ «ጸሎትሽን አልተውሽም አይደል?» ብለው ሲጠይቁኝ መስመሩ ይቆራረጣል ብዬ ዘጋሁብዎ። መስመሩ ምንም አልሆነም፤ የምለው ጠፍቶኝ ነው። አባባ፣ አፌ አልተወም፤ ልቤ ግን አይከተለውም። ያ ክፉ በሽታ ገብቶ ሆስፒታላችን በበሽተኛ የሞላ ጊዜ፣ አንዱን አልጋ አንጥፈን ሳንጨርስ የሌላኛው አልጋ ሰው ሲሞትብን፣ ያኔ ነው የጀመረኝ። በሽታው ሄደ፤ እኔ ግን እንደዚያው ቀረሁ። ሰው ሲድን ደስ አይለኝም፣ ሲሞትም እንባዬ አይመጣም። ጨውም ስኳርም አንድ የሆነበት ሰው ማለት እኔ ነኝ።

አብራኝ የምትሠራ ነርስ አለች። ሐጅ ሳትሄድ «ሐጂት» የሚል ስም አውጥተንላታል። ሰዓቷ ሲደርስ አንሶላ ማስቀመጫው ክፍል ገብታ ትሰግዳለች፤ እኔ በሩን እጠብቅላታለሁ። አንድ ቀን ኃላፊያችን አንሶላ ፈልጋ ብትመጣ «ትንሽ ይታገሡ፣ እየታጠፈ ነው» አልኳት። ሐጂት ከውስጥ ሰምታኝ ኖሮ ሳቋ አምልጧት ሶላቷን እንደገና ጀመረች። ፊቷ ተፈትቶ ስትወጣ ሳያት እቀናባታለሁ፤ ይህም ቅናት ከተባለ።

በመስኮቱ በኩል ባለው አልጋ አንድ ሽማግሌ ግንበኛ ተኝተው ነበር። የሲሚንቶና የድንጋይ አቧራ ሳንባቸውን ጨርሶታል። ጠዋት ጠዋት ኦክስጅናቸውን ላስተካክል ስሄድ እጄን ይይዙና ይመርቁኛል። «እጇን ባርክልኝ፤ መርፌ ስትወጋ ደግሞ ዓይኗን ግለጥላት» ይላሉ። አንድ ጊዜ ደም ሥራቸውን ስቼ ደጋግሜ ወግቻቸው ስለነበር ነው። እኔም «አሜን» እላለሁ፣ ለሥራ ታዝዤ «እሺ» እንደማለት።

አንድ ጠዋት ትንፋሽ አጠራቸው። «ዛሬ ተራው ያንቺ ነው፣ አንቺ ጸልዪልኝ» አሉኝ። ለማንም ያልተናገርኩትን ለእሳቸው ነገርኳቸው። «አባቴ፣ ቃሉን አውቀዋለሁ፤ ልቡ ግን የለኝም» አልኳቸው። አልተቆጡኝም፣ አላዘኑልኝም። የኦክስጅኑን ጭምብል ከፍ አደረጉና፣

«ቃሉን አንቺ አምጪ፤ ልቡን እኔ አዋጣለሁ» አሉኝ።

ከባድ ድንጋይ አብረው ሊያነሱ የተዘጋጁ ሰዎች እንዲያ ነው የሚነጋገሩት። እርስዎ በልጅነቴ ያስጠኑኝን ጸሎት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻው አልኩላቸው። ባረፍኩ ቁጥር አሜን ይላሉ። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት እንዲሁ ሆነ። ምንም አልተሰማኝም፤ ግን አላስታጎልኩም።

ባለፈው ሳምንት ረፋድ ላይ፣ ከግንበኛው አልጋ በመጋረጃ ተለይቶ የተኛ አንድ ወጣት ሾፌር የቀዶ ሕክምና ቁስሉ ተከፈተና ደሙ ይወርድ ጀመር። በሁለት እጄ ጨርቅ ተጭኜበት ሐኪሙን አስጠራሁ። ይህን ጊዜ ሐጂት ከመጋረጃው ማዶ ስሜን ጠራች። ሽማግሌው እየሄዱ ነው፣ አንቺን ነው የሚፈልጉት አለችኝ። እጄን ባነሳ ሾፌሩ ያልቃል፤ ካላነሳሁም እሳቸው ሳልደርስላቸው ሊሄዱ ነው። ስለዚህ ድምፄን ከፍ አድርጌ ባለሁበት ጀመርኩ። እርስዎ ከሜዳው ማዶ ሲጠሩን በሚያወጡት ድምፅ ነው ያልኩት። ከመጀመሪያው ሐረግ በኋላ አረፍኩ፤ መልስ የለም። ትንፋሻቸው አልበቃ ብሏቸው ነው። ቀጥሎ የሐጂት ድምፅ መጣ፤ በእሷ አነጋገር «አሚን» አለች። እንደገና አልኩ፤ እንደገና እሷ መለሰች። ከዚያ በኋላ ከእጄ ሥር ያ ሾፌር ጥርሱን ነክሶ አሜን አለ።

አባባ፣ እዚህ ላይ እንባዬ ወረደ ብዬ ብጽፍልዎ ደስ እንደሚልዎ አውቃለሁ። አልወረደም። ክንዴ ዝሏል፣ የልጁ ደም ይሞቃል፣ ጀርባዬን ያልበኛል። ይኸው ነው። ሐኪሙ ደርሶ ወደ ቀዶ ክፍል ወሰዱት፤ ተርፏል፣ አሁን ምግቡ ቀዘቀዘ እያለ ይነዘንዘናል። ግንበኛው ግን ጸሎቱ ሲያልቅ እሳቸውም አልቀው ነበር። ሐጂት እጃቸውን እንደያዘች ነው ያገኘኋት።

ከሰዓት በኋላ ልጃቸው መጣች። «ብቻውን ነው የሞተው?» አለችኝ። ብቻቸውን እንዳልነበሩ፣ ጸሎትም እንደተደረገላቸው፣ ክፍሉ ሁሉ እንደሰማ ነገርኳት። አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። እኔ በትከሻዋ አሻግሬ የጎረቤቱ በሽተኛ ግሉኮስ ሊያልቅ መሆኑን አያለሁ። እሷን ግን አልለቀቅኋትም።

በማግስቱ ጠዋት አልጋው ባዶ ነበር፣ አንሶላውም ተነስቷል። ማንም ሳይጠይቀኝ አጠገቡ ቆሜ ጸሎቱን አደረስኩ። የሚመልስልኝ ስላልነበረ አሜኑንም ራሴ አልኩት። ይህ እምነት ይባል አይባል እኔ አላውቅም፤ ይባላል አይባልም ብለው ይጻፉልኝ።

ለታላቅ ወንድሜ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ፤ ወገቡን እያመመው ዕቃ እንዳያነሳ ይንገሩልኝ። ለሚስቱ፣ የላከችልኝ ሹራብ ልክ እንደሆነኝ ይንገሯት። ያቺን አፈ ጮሌ በሁለቱም ጉንጮቿ ይሳሙልኝ። ለጎረቤታችን ለአናጢውም፣ ጥርሱ ተሻለው እንደሆነ ጠይቃለች ይበሉልኝ።

ለእናቴ ደብዳቤውን ጮክ ብለው ሲያነቡላት፣ ስለ ልቤ የጻፍኩትን ይዝለሉት። እሷ ግን ድምፅዎ ሲሰናከል ታውቅብዎታለች። «ምን ዘለልክ?» ካለችዎ አይዋሿት፤ ከመጀመሪያው ጀምረው ሁሉንም ያንብቡላት።

ልጅዎ

ከነርሶች ማደሪያ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ኅዳር ፲፬ ቀን