ከበር ስለተመለሱት ተጋባዦች

ለተከበሩ ዶክተር ጋሩማ
የኮሌጃችን ዲን
ነቀምቴ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ጽሑፍ በሙሉ ጤንነት እንዲያገኝዎ፣ የዘንድሮው ዝናብ ጉልበትዎን እንዳያሳምምብዎ፣ በማስገንባት ላይ ያሉት አዲሱ አዳራሽም ጣሪያው ሳያፈስ እንዲያልቅልዎ ከልቤ እመኛለሁ። እኔ ሂሩት ደረሳ እባላለሁ፤ የቡርቃ ጃቶ ነዋሪና በጡረታ ላይ ያለሁ የአማርኛ መምህርት ስሆን፣ ልጄ ዝማሬ እርስዎ በሚመሩት ኮሌጅ የአዋላጅ ነርስነት ትምህርቷን ዘንድሮ ትጨርሳለች። የኮሌጁን ስም ያልጻፍኩት ከአክብሮት ብዛት ነው፤ ደግሞም በከተማችን አረንጓዴውን በር የማያውቅ የለም።

እንዲህ በአደባባይ መጻፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። ቢሮዎ ድረስ ተመላልሻለሁ፤ ጸሐፊዎም በሄድኩ ቁጥር ስብሰባ ላይ መሆንዎን እጅግ በትሕትና ነግራኛለች። ማለቂያ የሌለው ስብሰባ ላይ ያለን ሰው በር ማንኳኳት ነውር መስሎ ስለታየኝ፣ ስብሰባው ሲያልቅ እንዲያነቡት በማለት ጻፍኩልዎ።

የምጽፍልዎ ስለ ረውዳ እብሬ ነው፤ ስሟንም ያነሳሁት አስፈቅጃት ነው። ረውዳ የልጄ የክፍል ጓደኛ፣ የእኔ ደግሞ ተከራይ ናት። አባቷ ከወሎ መጥተው ሲሬ የከተሙ ነጋዴ ናቸው። ልጅቷ ኒቃብ ትለብሳለች፤ ከዓይኗ በቀር ፊቷን ትሸፍናለች ማለት ነው። የመውጫ ፈተናው የፊታችን ሐሙስ ነው። ባጸደቁት ደንብ መሠረት ፊቷን የሸፈነች ተማሪ ከአረንጓዴው በር ስለማታልፍ፣ ረውዳ ሐሙስ ጠዋት ወይ በሩ ላይ በወንዶቹ ጥበቃዎች ፊት ኒቃቧን ትገልጣለች፣ ወይ የአራት ዓመት ልፋቷን ትታ ሲሬ ትገባለች። ጉዳዩ ይኸው ነው። ከዚህ በታች የሚያነቡት በሙሉ ምስጋና ነው።

፩. በመጀመሪያ ስለ ግብዣው አመሰግናለሁ። ደንቡ ከመጽደቁ በፊት «የሚመለከታቸው ሁሉ» እንዲወያዩበት መድረክ ማዘጋጀትዎ የሰለጠነ አሠራር ነው። በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በለጠፉት ጥሪም ኒቃብ የሚለብሱ ተማሪዎችና ወላጆቻቸው እንዳይቀሩ በጥብቅ አሳስበው ነበር። እነሱም አልቀሩም። ረውዳና ጓደኞቿ ልብሳቸውን ተኩሰው፣ የሚናገሩትን ተከፋፍለው፣ ሰዓቱ ሳይደርስ በሩ ላይ ተገኙ። በሩ ላይ ግን ፊት ተሸፍኖ መግባት ክልክል መሆኑ ተነገራቸው። ሊወያዩበት የመጡት ደንብ ከእነሱ ቀድሞ ደርሶ በር ላይ ይጠብቃቸው ነበር። እኔ ጠጋ ብዬ ነገሩ ምን እንደሆነ ብጠይቅ፣ ከጥበቃዎቹ አንዱ ዓይኑን ከእኔ እያሸሸ «አዴ ሂሩት፣ ማል ጎና? አጀጃ ዳ» አለኝ፤ በኦሮምኛ፣ ወይዘሮ ሂሩት፣ ምን እናድርግ፣ ትእዛዝ ነው ማለቱ ነው። በእርሱ አልፈርድበትም።

ረውዳ ለነገሩ መላ አላጣችም ነበር። ፊቴን ለአንዲት ሴት ላሳይና ልግባ ብላ ለመነች። ይህ አዲስ ሐሳብ አይደለም፤ ክቡርነትዎ በመኪና ስለሚገቡ ላያስተውሉት ይችላሉ እንጂ፣ በሩ አጠገብ በመጋረጃ የተከለለች ጠባብ ክፍል አለች። እዚያ ውስጥ ወርቂቱ የምትባል ጥበቃ የሴቶቹን ቦርሳ ትፈትሻለች፣ ፊታቸውን ከመታወቂያቸው ጋር ታስተያያለች፣ ገላልጣ አይታ ታሳልፋለች። ረውዳ እስከዚህ ሴሚስተር ድረስ በየጠዋቱ የገባችው እንደዚያ ነው። የስብሰባው ዕለት ግን ወርቂቱ መጋረጃዋ ጋ አልነበረችም። የት ሄዳ ነው ቢሉ፣ ስለ ሴቶቹ ለምንወያየው ሰዎች ሻይ እንድታቀርብ ወደ አዳራሹ ተወስዳ ነበር። ለእኔም ደግማ ቀድታልኛለች። ቅርንፉዱ የተስተካከለ ጥሩ ሻይ ነበርና ስለ እርሱም አመሰግናለሁ።

፪. የመወያያው ርእስ «የትምህርት ተቋማት ከሃይማኖት ነጻ ስለመሆናቸው» የሚል ሆኖ ሳለ ስብሰባው በጸሎት በመከፈቱ እጅግ ተጽናንቻለሁ። እንዳይሳሳቱብኝ፤ እኔም ጸሎቱን የመሩት ሰው ያሉበት ቤተ ክርስቲያን ልጅ ነኝ፣ የመዘምራኑን ኅብረት ለረጅም ዘመን መርቻለሁ፣ አሜን ያልኩትም ከብዙዎቹ ጮክ ብዬ ነው። ነገር ግን ጸሎቱ አልቆ ዓይኔን ስገልጥ፣ በመስኮቱ በኩል ረውዳና ጓደኞቿ ከመንገዱ ማዶ ፎቶ ኮፒ ቤቱ በረንዳ ላይ ተጠጋግተው ዝናቡን ተጠልለው ቆመው አየኋቸው። ከሃይማኖት ነጻ የሚባለው ከእነሱ ነጻ ለማለት መሆኑ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

፫. ስለ ውይይቱ ጥልቀት ደግሞ ምን ብዬ ላመስግንዎ! ረውዳን አንድ ቀን ሰላም ብለዋት የማያውቁ መምህር ተነስተው በውስጧ ምን እንደሚሰማት አብራሩልን። ሌላው አባቷ አስገድደዋት እንደሆነ በእርግጠኝነት ነገሩን፤ አባቷ አቶ እብሬ ግን ወንድ በመሆናቸው በሩ ስላልከለከላቸው ከተናጋሪው ኋላ ባለው ረድፍ ተቀምጠው ይሰሙ ነበር። ሦስተኛው ስለ ጸጥታ፣ አራተኛው ስለ ኩረጃ ተናገሩ። በመጨረሻ ከጎንዎ የተቀመጡት ሰብሳቢ አቶ እብሬን የሴቶቹን ስሜት እንዲገልጹልን ጋበዟቸው። አቶ እብሬ ከመቀመጫቸው ተነሱና «ጌቶቼ፣ እኔ ኒቃብ ለብሼ አላውቅም፤ ልጄ ግን አፍ አላት፣ ያቻትና ማዶ ዝናቡን ተጠልላ ቆማለች፤ አስገቧትና ጠይቋት» ብለው ተቀመጡ። ሰብሳቢውም ለገንቢ አስተያየታቸው አመስግነው ወደሚቀጥለው ተናጋሪ አለፉ።

እዚህ ላይ የራሴንም አቋም ልንገርዎ፤ ግብዝ መባል አልፈልግም። እኔ ኒቃብ አልወድም። ከሰው ጋር ሳወራ ፊቱን ማየት እፈልጋለሁ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ያስተማርኩት የልጆች ፊት እያየሁ፣ የገባውንና ያልገባውን ከፊቱ እየለየሁ ነው። ይህንን ለረውዳ ራት እየበላን ነግሬያታለሁ። እሷም ሳቀችና «አዴ ሂሩት፣ ለቅሶ ቤት ሲሄዱ ነጠላዎን አዘቅዝቀው ይለብሳሉ፤ አንድ ሰው መንገድ ላይ አስቁሞ አስተካክዪው ቢልዎ ምን ይሉታል?» አለችኝ። ሐዘኔ ምንህ ነው እለዋለሁ አልኳት። «እኔም እንደዚያው ነው የምለው» አለች። ነጠላና ኒቃብ አንድ አይደሉም ብዬ ተከራከርኳት፤ የእኔ ፊቴን አይሸፍንም፣ በሳምንቱም እመልሰዋለሁ አልኳት። እሷም መለሰችልኝ። እኔ አልተረታሁም፣ እሷም አልተረታችም፣ የቀረበው ድንች ግን ቀዝቅዞ ነበር። ክቡር ሆይ፣ ክርክር የሚባለው ይህ ይመስለኛል፤ ቢያንስ የምንከራከርባት ልጅ ማዕዱ ላይ ነበረች።

የፈተናው ነገር እንደማያስተኛዎ ይገባኛል። በሌላ ሰው ስም ገብቶ የሚፈተን፣ ጆሮው ውስጥ ነገር ወትፎ የሚመጣ መኖሩን እኔም መምህር ነኝና አውቃለሁ። ተፈታኟ ማን እንደሆነች ማወቅ መብትዎም ግዴታዎም ነው፤ ረውዳ ራሷ በዚህ አትከራከርም፣ ጆሮዋንም ፀጉሯንም ወርቂቱ እንድትፈትሽ ፈቃደኛ ናት። ያቺ መጋረጃ የተሰቀለችው ለዚህ ነበር። ችግሩ እርስዎ እስኪፈቱት ድረስ የተፈታ ነበር።

፬. ደንቡ «በሙሉ ድምፅ» መጽደቁን ከማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አንብቤያለሁ፤ ከሁሉ በላይ የተማርኩበት ይህ ነው። ክቡር ሰብሳቢው የሚቃወም አለ ወይ ብለው ሲጠይቁ እኔ እጄን አውጥቼ ነበር። የተቀመጥኩት ከፊት ነው፤ ቁመቴም እንደሚያውቁት አጭር አይደለም። አቶ እብሬም እጃቸውን አውጥተዋል። እኔ ተሸፍና የማትታየው ረውዳ ብቻ መስላኝ ነበር። ፊቴም ተገልጦ እጄም ተዘርግቶ አለመታየቴን ሳይ ግን፣ ፊትን መግለጥ በእርስዎ ዘንድ ለመታየት እንደማይበቃ ተረዳሁ። በዚህ ዕድሜዬ ስላስተማሩኝ ባለውለታዬ ነዎት።

፭. አምስተኛ ብዬ ስለ ልምምድ ክፍላችሁ ላመሰግን ነበር፤ ሁሉም ተማሪ ማስክና ቆብ አድርጎ ከዓይኑ በቀር ሳይታይ ምጥ ላይ ያለች ሴት ፊት ስለሚቆምበት፣ ማነህም ስለማይባልበት ክፍል። ግን ተውኩት። ቁጥር እየቆጠሩ ማመስገን ለካ ያደክማል። ተናድጃለሁ፣ ክቡር ሆይ። ከልቤ ተናድጃለሁ፤ ከዚህ በኋላ ያለውን እንደመጣልኝ ስለምጽፈው ይታገሡኝ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ረውዳ የፈተና ዕለት የምትለብሰውን ነጭ ጋዋን እየተኮሰች ሳለ ወደ ክፍሏ ገባሁ። ቀና ሳትል «እገልጠዋለሁ» አለችኝ። ለምን ብላት ምክንያቱን ነገረችኝ። ሲሬ ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች አዋላጁ ወንድ ነው ሲባሉ ጤና ጣቢያ መሄድ ትተው ቤታቸው የሚያምጡ ሴቶች አሉ። እናቷ ከነዚያ አንዷ ነበሩ፤ ከረውዳ በኋላ ያረገዙትን ሲወልዱ ደም ፈሷቸው ሕፃኑ አልተረፈም፣ እሳቸውም ከሞት አፋፍ ነው የተመለሱት። ረውዳ ይህን ትምህርት የመረጠችው ለእነዚያ ሴቶች ብላ ነው። «እኔ በር ላይ ተሸማቅቄ አንድ ቀን ብውል ይሻላል፤ እነሱ የሚያዋልዳቸው ሰው ከሚያጡ» አለች። እሷ አላለቀሰችም። እኔ ግን አልቻልኩም።

እንኳን ደስ አለዎት እንግዲህ፣ አሸንፈዋል። የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ከእምነቷና ልትረዳቸው ከተነሳችላቸው እናቶች አንዱን እንድትመርጥ በር ላይ አቆሟት፤ እሷም እናቶቹን መርጣለች። እንዲህ ያለችውን ተማሪ ኮሌጅዎ ከየት አምጥቶ እንዳፈራ ቢጠየቁ፣ እባክዎ የእኛ ሥራ ነው አይበሉ።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሌላ ስብሰባም፣ ሌላ ውይይትም አልጠይቅም። ሐሙስ ጠዋት ወርቂቱን ወደ መጋረጃዋ ይመልሱልን። የዚያን ዕለት ሻይ የሚጠጣ እንግዳ ካለብዎ፣ እኔ ራሴ መጥቼ እቀዳለሁ፤ ቅርንፉዱንም ከቤቴ ይዤ እመጣለሁ።

ለከተማችን ሴቶች ያለዎትን ከሩቅ የሚታይ አሳቢነት ከልብ እያደነቅሁ፣ ያነሳሁት እጅ ባይታይዎ የጻፍኩት ፊደል ይታይዎ ይሆናል ብዬ ተስፋ እያደረግሁ፣ በታላቅ አክብሮትና ከአክብሮቱ በማያንስ ንዴት ጎንበስ ብዬ እሰናበትዎታለሁ።

ሂሩት ደረሳ
ጡረተኛ መምህርት፣ የዝማሬ እናት፣ የረውዳ አከራይ

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ከፈረምኩ በኋላ ከኮሌጁ ጥበቃዎች አንዱ ቤቴ መጥቶ ነበር፤ ስሙን ከእኔ አይጠብቁ። ሐሙስ በር ላይ ተረኛ የሆኑት ወንዶች በሙሉ ተማክረው፣ ረውዳ ኒቃቧን ስትገልጥ ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዙረው ሊቆሙ መስማማታቸውን ነገረኝ። የሰው እህት በግድ አስገልጠን አናይም፣ ከፈለጉ ከሥራ ያባርሩን ብለዋል። እንግዲህ ወርቂቱን ካልመለሱ ልጅቷ ደንብዎን አክብራ ፊቷን ገልጣ ስታልፍ ማንነቷን የሚያጣራ አንድም ሰው በሩ ላይ አይኖርም ማለት ነው፤ ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ማልደው ይምጡና እርስዎ ራስዎ ይዩዋት። ከሁሉም መካከል ሳያፍር ሊያያት የሚችለው እርስዎ ብቻ ነዎት።