የደሴንና የኮምቦልቻን ካርታ በሥዕል ያኖሩልን የአቶ ኪዳኑ ኃይለ ሚካኤል የሕይወት ታሪክ

አቶ ኪዳኑ ኃይለ ሚካኤል ከአባታቸው ከመሪጌታ ኃይለ ሚካኤል ዘውዴ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሸዋረጋ እንግዳ፣ ጥር 12 ቀን 1949 ዓ.ም. በገራዶ ተወለዱ። ከአባታቸው እግር ሥር ተቀምጠው ፊደል ቆጥረዋል፤ ዳዊትም ደግመዋል። ይሁንና ዓይናቸው ሁልጊዜ ከንባቡ ይልቅ በብራናው ጠርዝ ላይ ወደተሳለው ሐረግ ይሸሽ ነበርና አባታቸው «ይህ ልጅ ቃሉን ትቶ አበባውን ነው የሚያነበው» እያሉ ይስቁ ነበር።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ደሴ ከተማ አጠናቀው በ1968 ዓ.ም. ፒያሳ አካባቢ የማስታወቂያ ጽሑፍና ሥዕል ቤት ከፈቱ። የዕድሜ ልክ ወዳጃቸው ሀጂ ሚስባህ ልብስ ሰፊ ናቸው። አቶ ኪዳኑ በሱቃቸው በር ላይ የሳሉላቸውን የስፌት መኪና አንድ የገበያ ቀን መንገደኛ እውነተኛ መስሎት ዋጋ መጠየቁን ሀጂ እስከ ዛሬ ይመሰክራሉ። አቶ ኪዳኑ በ1978 ዓ.ም. ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በንድፍ ሠሪነት ተቀጠሩ። ጠዋት ከደሴ ጉም ወጥተው በሐረጎ ጠመዝማዛ ወደ ኮምቦልቻ ፀሐይ እየወረዱ፣ ማታ ተመልሰው እየወጡ፣ በ2009 ዓ.ም. በጡረታ እስከተሰናበቱ ድረስ በታማኝነት አገልግለዋል። ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ወርቅአፈራሁ ጋርም የተዋወቁት እዚያው ፋብሪካ ነው፤ በ1983 ዓ.ም. በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ጽናትንና ወንድምአገኘሁን ወልደዋል።

ስማቸውን ከፍ ያደረገው ሥራ ግን ከጡረታ በኋላ የመጣ ነው። ከጦርነቱ ማግስት እንግዳ ወደ ከተማው መመለስ ሲጀምር፣ የሁለቱን ከተሞች ታዋቂ ቦታዎች በሥዕል የሚያሳይ ካርታ እንዲሠሩ አንድ ኮሚቴ ጠየቃቸው። እርሳቸውም የአይጠየፍን አዳራሽ፣ መርሆ ግቢን፣ አብያተ ክርስቲያናቱንና መስጊዶቹን፣ የጦሳን ተራራ ከነጉሙ፣ ሐረጎን ከነመታጠፊያው ስለው የመጀመሪያውን ካርታ አቀረቡ። ኮሚቴውም አጨበጨበላቸው።

በዚያው ሰሞን የዛሬው አማቻቸው ብሩ የላካቸው ሽማግሌዎች ጽናትን ለጋብቻ ለመጠየቅ ከኮምቦልቻ ተነሡ። አቶ ኪዳኑ በኩራት ካርታቸውን አስቀድመው ልከውላቸው ነበር። ሽማግሌዎቹ ግን ቀጠሮው ካለፈ ከብዙ ሰዓት በኋላ፣ ጋቢያቸው በካፊያ ርሶ፣ ጫማቸው ጭቃ ለብሶ ደረሱ። መሪያቸው አቶ ቀለሙ ገና ከደጅ ቆመው «አቶ ኪዳኑ፣ ልጅ ልንጠይቅ መጥተን ዛፍ ስንጠይቅ ዋልን!» አሉ። ለካ ያገኙት ሰው ሁሉ «ከዝግባው ዝቅ ብላችሁ፣ ወፍጮ ቤቱን አለፍ ስትሉ» እያለ ነበር የመራቸው። ዝግባው ተቆርጧል፤ ወፍጮ ቤቱም ፈርሷል። ካርታው ላይም የሉም።

ከቤተሰቡ ጋር ተቀምጠው የነበሩት ሀጂ ሚስባህ «ወላሂ ኪዳኑ፣ ዝግባው የተቆረጠው ጽናት ሳትወለድ ነው፤ እኔ ራሴ ግን እስከ ዛሬ ‘ከዝግባው’ እያልሁ ነው ሰው የምልክ» ሲሉ ቤቱ በሳቅ ተሞላ። በወጉ ለሽማግሌ የሚሰጠው ሌላ ቀጠሮ ነበር። አቶ ኪዳኑ ግን «እነዚህን ሰዎች ሁለተኛ አላንከራትትም» ብለው በዚያው ቀን ልጃቸውን ፈቀዱ።

በማግስቱ የጸደቀውን ካርታ መልሱልኝ አሉ። ኮሚቴው «የሌለ ነገር ካርታ ላይ እንዴት ይሳላል? እንግዳውን ማሳሳት አይሆንም ወይ?» ብሎ ተከራከረ፤ ማተሚያ ቤቱም እየጠበቀ ነበር። እርሳቸው ግን «እንግዳ መጨረሻ ላይ የሚጠይቀው ሰው ነው፤ ሰው ደግሞ የሚነግረው ልቡ ውስጥ ያለውን ከተማ ነው» ብለው አልበገርም አሉ። የቆመውን በሙሉ ቀለም፣ የፈረሰውን በቀጭን የእርሳስ መስመር አድርገው እንደ አዲስ ጀመሩ። ከሸዋ በር እስከ ሰኞ ገበያ አዛውንቶችን፣ የታክሲ ረዳቶችን፣ ጉሊት ነጋዴዎችን እየጠየቁ የደሴን ወገን ጨረሱ።

ኮምቦልቻ ላይ ሲደርሱ በ2017 ዓ.ም. መግቢያ ድንገተኛ ሕመም ቀኝ እጃቸውን ያዘው። ካርታው በእንጥልጥል ሊቀር ነው ብለን ያዘንበት ጊዜ ነበር። እርሳቸው ግን ብሩሹን ለጽናት ሰጥተው፣ አልጋቸው ላይ ደገፍ ብለው «የቦርከናን ወንዝ አታቅኚው፣ እንደልቡ ይታጠፍ» እያሉ በቃላቸው አሠሯት። በጥቅምት 2018 ዓ.ም. ካርታው ታትሞ ደሴ አውቶቡስ መናኸሪያ ሲሰቀል፣ በሀጂ ሚስባህ ትከሻ ተደግፈው ሄደው አዩት። ከፊቱ የተሰበሰቡ ሰዎች የፈረሰው ወፍጮ ቤት በር በየት በኩል እንደነበረ ይከራከሩ ነበር። ሠዓሊው ከኋላቸው መቆማቸውን ያወቀ አልነበረም። ሀጂ ሊናገሩ ሲሉ ክንዳቸውን ያዝ አድርገው «ተዋቸው፣ ይከራከሩ» አሉ፤ እስኪደክማቸው ድረስም ቆመው አዳመጡ።

አቶ ኪዳኑ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው የካቲት 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ69 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አንዲት የልጅ ልጅና እንደ ወንድም አብረዋቸው የኖሩትን ሀጂ ሚስባህን ትተውልናል።

በምድር ለእንግዳ መንገድ ሲያሳዩ የኖሩትን እኚህን አባት፣ አምላካቸው በሰማይ ደጅ ወጥቶ ይቀበልልን። ለቤተሰባቸውና ለወዳጆቻቸው ሁሉ መጽናናትን ይስጥልን። አሜን።