ልጅሽን በስሜ ከመጥራትሽ በፊት

መርሳ፣ ሰኔ 2014 ዓ.ም.

ለውድ አብሮ አደጌ፣

አሰላሙ አለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ከርመሻል? የእግርሽ እብጠት ቀነሰልሽ? ባለቤትሽስ ደህና ነው? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። የቤታችን ጣራ ተጠግኗል፤ ገበያውም እንደ ድሮው ባይሆን ይውላል።

ከጅማ የላክሽው ደብዳቤ ደርሶኛል። "ሴት ከሆነች በስምሽ ነው የምጠራት፤ ለእማዬ ልጅ የሆንሽላት አንቺ ነሽ" ያልሽውን ካነበብኩ ወዲህ ሰላም የለኝም። በስልክ ልነግርሽ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ነበር። ታውቂኛለሽ፣ አንድ ወሬ ጀምሬ ሌላ ውስጥ እገባለሁ። ይህችንም ለመጨረስ አሥራ አንድ ቀን ፈጅቶብኛል።

አምና ነሐሴ ጦሩ ወልድያ ገባ ሲባል ደውለሽ "እማዬ እግሯ አይችልም፤ ሳትይዣት እንዳትወጪ" አልሽኝ። "ወላሂ ይዣቸው ነው የምወጣ" አልኩሽ። ለእሳቸውም ደውለሽ እንደምመጣ ነገርሻቸው። ወንድሜ ዓሪፍ አይሱዙውን አስፋልቱ ላይ አቁሞ "ግማሽ ሰዓት አለሽ፤ ሮጠሽ አምጫቸው" አለኝ።

ወጣሁ። መንገድ ላይ ጎረቤታችን ሁሪያ የጋሪዋ ጎማ ወልቆባት ታለቅሳለች። ጎንበስ ብዬ እታገለው ጀመር። ሽቦ ፈለግሁ፣ ምስማር ፈለግሁ፤ ሌላው ሁሉ ከራሴ ጠፋ። ጎማው ሲገባ ደስ ብሎኝ ዕቃዋን አብሬ ጫንኩ። ወዲያው የዓሪፍን ጥሩምባ ሰማሁና ሮጬ ከኋላ ተሳፈርኩ። ሰው ተጨናንቆ ስለነበር እሱም ማን እንደወጣ አላየም።

እናትሽ ትዝ ያሉኝ ውርጌሳ ስንደርስ፣ አንዲት አሮጊት በሸክም ከመኪና ሲያወርዱ አይቼ ነው። ዓሪፍ ስነግረው ፊቱ አመድ መሰለ። "ወደ መርሳ የሚመለስ መኪና ታያለሽ?" አለኝ። ወርጄ በእግሬ ጀመርኩ። ከሚሸሸው ሰው ጋር እየተጋፋሁ ጥቂት እንደሄድኩ የከባድ መሣሪያ ድምፅ ሰማሁ። ተመለስኩ። ማንም አልመለሰኝም፤ ፈርቼ ነው።

ኋላ ደሴም ሲያዝ ደብረ ብርሃን መጠለያ ገባን። እዚያ ለይላ የምትባል የአእምሮ ጤና ነርስ ነበረች። የእርዳታ ሰልፍ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ትቼ ስሄድ አይታ ጠራችኝ። ስለ ልጅነቴ ጠየቀችኝ። ጨው ተልኬ ባዶ እጄን እንደምመለስ፣ የቤት ሥራዬን የምታስታውሺኝ አንቺ እንደነበርሽ፣ ዩኒቨርሲቲም የፈተና ቀን ተሳስቶብኝ እንደቀረሁ ነገርኳት። "ኤዲኤችዲ የሚባል አለ፤ ትኩረትን የሚበትን፣ ከልጅነት ጀምሮ አዋቂ ሆነሽም የሚከተልሽ። ስንፍና አይደለም" አለችኝ። ግን ሐኪም መርምሮ ነው የሚለየው፣ ጦርነትም ሐሳብ ይበትናል አለች። የእኔስ ከጦርነቱ በፊትም የተበተነ ነበር።

አለቀስኩ። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ "ፈዛዛ"፣ "ልበ ቢስ" ስባል ሌላ ስም ሊኖረው ይችላል ብዬ አስቤ አላውቅም። ለመመርመር ደሴ ቀጠሮ ይዣለሁ። ይህን የምጽፍልሽ ግን እንድትምሪኝ አይደለም። መርሳቴ ሕመም ይሆናል። ፈርቼ ከመንገድ መመለሴንስ ምን ልበለው?

ታኅሣሥ ላይ እንደተመለስን ዕቃዬን ሳላወርድ እናትሽ ዘንድ ሄድኩ። ከስተዋል። የስኳር መድኃኒታቸው መስከረም ላይ አልቆባቸው እግራቸው ቆስሏል። ጉልበታቸው ላይ ተደፋሁ።

"ልብሴን ቋጥሬ በር ላይ ስጠብቅሽ ዋልኩ" አሉኝ። "ሲመሽ ገባሁ። በማግስቱም ወጥቼ ጠበቅሁሽ።"

ከዚያ እንባዬን በሻሻቸው ጠረጉልኝ። "ልጄ ስትደውል፣ መጥታ ነበር፣ ቤቴን አልለቅም ያልኩ እኔ ነኝ ነው የምላት። አንቺም እንዳታፈርሺው" አሉኝ። እሺ አልኩ።

እስከ ረመዳን፣ አላህ እስከወሰዳቸው ቀን ድረስ፣ ጠዋት ጠዋት ቁስላቸውን አጠብኩ። አንድም ቀን አልረሳሁም። ያንን ያየ ሰው ነው ያመሰገነኝ። የሰጠኋቸውን ቃል ዛሬ አፈረስኩ፤ አላህም እሳቸውም አውፍ ይበሉኝ።

አላህ በሰላም ይገላግልሽ። የምትወልጂያት ለዓይንሽ ማረፊያ ትሁን። እኔ በየሳምንቱ የእናትሽን ቤት ከፍቼ እጠርጋለሁ። ቁልፉን ለሌላ ሰው ስጪ ካልሽኝ፣ የሰውየውን ስም ብቻ ላኪልኝ።

አብሮ አደግሽ